ባንዲራው ማን ጋ ነው?

ድንጋዩን የማጥበው እኔ ነኝ። ባንዲራውን የምታለብሰው እህቴ ፌይ ናት። ነገሩ በሙሉ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ግንቦት ውስጥ በአንዱ እሁድ ሙታኗን ታስጌጣለች። እኔ ቅዳሜ ጧት ባልዲና ብሩሼን ይዤ ከሁሉም ቀድሜ እደርስና በአያቴ አያት በኤልካና ሃርቢን መቃብር ላይ ተንበርክኬ የድንጋይ ሽበቱን እፍቃለሁ። ሁለት ሰዓት ይፈጅብኛል። ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይታዘዘኝም። እሁድ ሲሆን ፌይ ነጭ ጓንቷን አጥልቃ፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ የደቡቡ ጦር የያዘውን የኮንፌዴሬቱን ባንዲራ በሁለት ክንዷ ታቅፋ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ትወጣለች። ሰው ሁሉ ከኋላዋ ይከተላል። እሷ ባንዲራውን ድንጋዩ ላይ ሳታለብስ ማንም አበባውን አያስቀምጥም፤ ልማዳችን ነው። ከዚያ አሮጊቶቹ ዓይናቸውን ይጠራርጋሉ፣ «ፌይ ዛሬ እንዴት አምሮባታል!» ይባላል። እኔ ያጠብኩት ድንጋይ ከባንዲራው ስር ነው። በአርባ ዓመት ውስጥ «ኔልዳ፣ እጅሽ ይባረክ» ያለኝ አንድ ሰው የለም።

እቀናለሁ። ምን ልደብቅ። በእህቴ ስቀና ነው ያረጀሁት።

የመጀመሪያ ልጅ እኔ ነኝ። ልጅ ሳለሁ እናታችን ኦራ ባንዲራውን ከጥድ ሳጥኑ አውጥታ ፀሐይ ስታስመታው ጠርዙን የምይዝላት እኔ ነበርኩ። የትኛው ኮከብ እንደተጣፈ፣ የትኛውን ጥግ ብል እንደበላው ዓይኔን ጨፍኜ በዳበሳ አውቀዋለሁ። ፌይ ያን ጊዜ ዛፍ ላይ እየወጣች ትጫወት ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖ፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት እናቴ ልትሞት ሁለት ሳምንት ሲቀራት አልጋዋ አጠገብ የጠራችው ፌይን ነው። እኔ ኩሽና ውስጥ ሾርባዋን እያሞቅኩ ነበር። ሳህኑን ይዤ ስገባ ባንዲራው ፌይ ጭን ላይ ነው። እናቴ ቀና ብላ አየችኝና «ሾርባው ጨው በዝቶበታል?» አለችኝ።

ክፍሉ ውስጥ ኤርነስቲን ቶሊቨርም ነበረች። እናታችንን ሦስት ዓመት ያስታመመቻት እሷ ናት፤ ገላዋን አጥባ፣ ጸጉሯን አበጥራ፣ ሌሊት ስትባንን ተነስታ። እናቴ ለእኔ የማታወራውን ለእሷ ታወራላት ነበር። በእሷም እቀና ነበር።

የኤርነስቲን ወገኖች የተቀበሩት ከመቃብራችን በታች፣ ከሽቦው አጥር ወዲያ ነው። ጥቁሮች ናቸው። ግማሾቹ እንደ እኛው ሃርቢን ይባላሉ፤ ስሙን ከማን እንዳገኙት አገር ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አያነሳውም። እዚያ በኩል ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ጥቂት ነው። የሚበዛው ከእርሻ የተለቀመ፣ አንድም ፊደል የሌለበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። እነሱም በዚያው እሁድ መጥተው ያስጌጣሉ፤ ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተው።

ዘንድሮ ሚያዝያ ውስጥ ወጣቱ ፓስተራችን፣ ወንድም ዴል፣ ከስብከቱ በኋላ አንድ ደብዳቤ አነበበ። የላኩት የኤርነስቲን ቤተሰቦች ናቸው። «አጥሩ ተነስቶ ሙታናችንን አብረን ብናስጌጥ፣ ምሳችንንም በአንድ ጠረጴዛ ብንበላ ደስ ይለናል። ያ ባንዲራ ባለበት ግን አንመጣም» ይላል። በሦስተኛው ሳምንት፣ ከአምልኮ በኋላ እጅ አውጥተን እንድንወስን ተባለ።

በዚያች ደቂቃ ምን የተሰማኝ ይመስላችኋል? ሰው ሁሉ ይንሾካሾካል፣ ከኋላዬ አንዷ «ወይ ጉድ! ወይ ጉድ!» ትላለች፤ እኔ ግን ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ሞቅ አለኝ። ባንዲራው ከቀረ ጓንቱ ይቀራል። ጓንቱ ከቀረ ፌይ እንደማንኛችንም ባዶ እጇን ትሄዳለች። ደብዳቤውን የጻፈውን ሰው ተነስቼ ብስመው ደስ ባለኝ።

በማግስቱ ዲያቆን ክሌተስ ቤቴ ድረስ መጣ። አብረን ነው የተማርነው፤ ሳይጋበዝ በረንዳዬ ላይ ይቀመጣል፣ ቀዝቃዛ ሻዬን ሳይጠየቅ ይቀዳል።

«አንቺ ትናገሪልናለሽ አይደል፣ ኔልዳ?» አለኝ።

«ምን ብዬ?»

«ምን ብዬ ትለኛለች! ሽማግሌው የአንቺ አያት ናቸው እኮ። ፌይ እንደሆነች ሰው ፊት ስትቆም ምላሷ ይተሳሰራል። አንቺ ግን እግዜር ይስጥሽ፣ ምላስ አለሽ።»

«ባንዲራውን የያዘችው እሷ፣ የምጮህላት እኔ?»

«አሁንም ይቺን ነገር አልተውሻትም?» ብሎ ሳቀ። «ሁለታችሁም አርጅታችኋል እኮ!»

«አንተ ደግሞ አላረጀህም። ሆድህ ብቻ ነው የቀደመህ» አልኩትና የሻዩን ማሰሮ ከፊቱ አነሳሁበት። እናገራለሁም አልናገርምም አላልኩትም። እሱ እናገራለሁ ብዬ እንደማልኩለት ቆጥሮት ሄደ።

የስብሰባው ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ለዓመታት ለገና እንኳ ያልመጡ ሰዎች መጥተዋል። ፌይ ከፊት ለፊቴ፣ ሁለት ወንበር አልፋ ተቀምጣለች። ባንዲራውን አላመጣችውም፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋለች።

መጀመሪያ ክሌተስ ተነሳ። «እኔ ማንንም አልጠላም» ብሎ ጀመረ። «ኤርነስቲንን እወዳታለሁ፣ እሷም ታውቃለች። ይኼ ባንዲራ ለእኔ ጥላቻ አይደለም። እነዚህ ሰዎች ድሆች ገበሬዎች ነበሩ። በባዶ እግራቸው ቴነሲ ጦር ግንባር ድረስ ሄደው ሞተዋል። ትክክል ነበሩ አላልኩም፤ የእኛ ነበሩ ነው ያልኩት። የሞተ ሰው ራሱን አይከላከልም። ዛሬ ባንዲራውን አንሱ ይሉናል፣ ነገ ደግሞ ድንጋዩን አንሱ ይሉናል።»

«አሜን!» ተባለ ከኋላ።

አንዲት ወጣት እናት ልጇን አቅፋ ተነሳችና «ልጄ ይኼ የምን ባንዲራ ነው ብትለኝ እውነቱን ነግሬያት አሜን ማለት አልችልም» አለች። ከዚያ ጫጫታ ሆነ። አንዱ የአሜሪካን ባንዲራ ይሰቀል ይላል፣ ሌላው አንድ ሰዓት ብቻ ይልበስና ይነሳ ይላል፣ አንዱ ሽማግሌ ደግሞ የሚያወሩትን ስላልሰማ ስለ ጣሪያው ማፍሰስ ጠየቀ። ወንድም ዴል ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ።

ተነሳሁ። ክሌተስ በደስታ ራሱን ነቀነቀልኝ፤ ምስኪን።

«ድንጋዩን ያነበበ አለ?» አልኩ።

እርስ በርስ ተያዩ።

«ኤልካና ሃርቢን ላይ ምን እንደተጻፈ የሚያውቅ እጁን ያውጣ። አንድ ሰው! የለም። ስለምትሸፍኑት አታውቁትም። እኔ አርባ ዓመት በጥርስ ብሩሽ ስፍቀው ስለኖርኩ አውቀዋለሁ። ‹ባል፣ አባት፣ ወፍጮ ጠባቂ› ነው የሚለው። ስለ ጦርነት አንዲት ቃል የለበትም። ያስጻፈችው የቀበረችው ሚስቱ ናት። ወታደር ነበር ማለት ብትፈልግ ለጠራቢው ትነግረው ነበር። እሷ የተወችውን እኛ በየዓመቱ እናለብሰዋለን።»

«ዘምቷል እኮ፣ ኔልዳ!» አለ ክሌተስ፤ ፊቱ ቀልቷል።

«ዘምቷል። ዘምቶም የተዋጋው ሰው እንደ ከብት እንዲሸጥ ነው። ከአጥሩ በታች የተኙት ሃርቢኖች ስማችንን ከየት ያመጡት ይመስልሃል? ከጌቶቻቸው ካልሆነ ከሰማይ ወረደላቸው?»

ይህን በዚያ ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው አልነበረም። እኔ ደግሞ ከጀመርኩ አላቆምም።

«ኤርነስቲን የእናቴን ገላ ሦስት ዓመት አጥባለች» አልኩ። «እኛ ግን በየዓመቱ ያን ጨርቅ ፊቷ ላይ እንዘረጋለን። በየዓመቱ ከአጥሩ ወዲያ ቆማ ታለቅሳለች።»

ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። አፌ ላይ መጣልኝ፣ አልኩት። ሴቶቹ ከንፈራቸውን ሲመጥጡ ሰማሁ፤ ነገሩ ያለቀው ያን ጊዜ ነው።

ከዚች አንዷ በቀር የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ። እውነት መሆኑን ከድሮም አውቀዋለሁ፤ እናቴ ባንዲራውን ለእኔ ሰጥታኝ ቢሆን ኖሮ ግን ይህን እውነት ይዤው መቃብር እገባ ነበር። ያን ሁሉ ስናገር ዓይኔ ከፌይ ማጅራት ላይ አልተነሳም። አንገቷን እንድትደፋ፣ እንድትንቀጠቀጥ እየጠበቅኩ ነበር።

«ባንዲራው ይቅር የምትሉ እጃችሁን አውጡ» አለ ወንድም ዴል።

ከሁሉ ቀድሞ የወጣው እጅ የፌይ ነው።

ቀጥ አድርጋ አወጣችው፤ ለራሷ ዳቦ እንደምትጠይቅ ልጅ። ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ። ሠላሳ አንድ ለሃያ አራት ሆነ። ሰዎች እየመጡ እጄን ጨበጡኝ፣ «ምን ዓይነት ድፍረት ነው!» አሉኝ። ወንድም ዴል ዓይኑ እንባ አቅርሮ «እህት ኔልዳ፣ ዛሬ መንፈስ ቅዱስ ተጠቀመብዎት» አለኝ። እኔ በሰው ትከሻ መሃል ፌይን እፈልጋለሁ። የተሸነፈ ፊቷን ማየት ነበር የፈለግኩት። ወደ መኪናዋ ስትሄድ አየኋት፤ አረማመዷ ቀሏል።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መጣች። ነጭ የትራስ ልብስ ይዛለች፤ ከውስጡ ያለውን ሳላይ ሽታውን አወቅኩት። የእናቴ ጥድ ሳጥን ሽታ ነው። ኩሽናዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«እንኪ» አለች።

«ምንድነው?»

«ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። አትጫወቺብኝ።»

«ለምን ለእኔ? እማ ለአንቺ ነው የሰጠችሽ። ለሚወደድ ልጅ ነው የሚሰጠው።»

ፌይ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ብዙ አየችኝ። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነው የምታስቢው?»

«ታዲያ ሌላ ምን አለው?»

«እማ ምን እንዳለችኝ ልንገርሽ? ‹ለኔልዳ ብሰጣት አትለቀውም። የሚለቀቅበት ቀን ይመጣል፤ አንቺ ትለቂዋለሽ› አለችኝ። ላትሰጪያት ማይልኝ አለችኝ፣ ማልኩ። ኤርነስቲን ሰምታለች፣ ጠይቂያት።»

ኤርነስቲንም ታውቃለች። ሁሉም ያውቃል፣ ከእኔ በቀር።

«ካልፈለግሽው ለምን ዘጠኝ ዓመት ተሸከምሽው?» አልኳት።

«አንቺን ፈርቼ ነዋ! ብተወው በሕይወቴ አታናግሪኝም ብዬ። ከዚያ በር በወጣሁ ቁጥር በዚያ ጓንት ውስጥ እጄ ላብ በላብ ይሆናል። ከአጥሩ ወዲያ የኤርነስቲንን ጀርባ ሳይ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እል ነበር። አንቺ ደግሞ እዚያ ቆመሽ ዓይንሽን አትነቅይልኝም፤ በደንብ እንዳለብሰው የምትጠብቂ ነበር የሚመስለኝ።»

«እኔ…» አልኩና የትራስ ልብሱን ጫፍ ማጠፍ ጀመርኩ።

«እሁድ ተነስተሽ ስትናገሪ አለቀስኩ» አለች። «ይቺ የማውቃት እህቴ ናት? ብዬ። በክፉ ስጠረጥርሽ በመኖሬ አፈርኩ። ለዚህ ነው ያመጣሁልሽ። መሃላው ልትለቀው ለማትችለው ኔልዳ ነበር፤ አንቺ በሰው ሁሉ ፊት ለቀሽዋል። ላቃጥለው ብዬ ሁለት ቀን ሞከርኩ፣ የእማ እጅ የነካው ነው፣ አልሆነልኝም። አንቺ ጠንካራ ነሽ። አቃጥይልኝ።»

ሳመችኝና ሄደች። ትታኝ ስትሄድ በመኪናዋ ውስጥ ዘፈን ከፍታ ነበር።

የጓሮዬን የቅጠል ማቃጠያ በርሜል አወጣሁ። ክብሪት አዘጋጀሁ። ባንዲራውን ከትራስ ልብሱ ሳወጣው የተጣፈው ኮከብ እጄ ላይ መጣ። የእናቴ ስፌት ነው፤ ክሩን መርፌው ውስጥ ያስገባሁላት እኔ ነበርኩ። ብሉ የበላው ጥግ ይኸው። ስልሳ ዓመት የፈለግኩት ነገር ጭኔ ላይ ነው፤ ለኤርነስቲን ወገኖች ምን እንደሆነ ራሴ በአፌ ተናግሬያለሁ። ክብሪቱን መልሼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ባንዲራውን አጥፌ ከአልጋዬ ስር አስገባሁትና በርሜሉ ውስጥ አሮጌ ጋዜጣ አቃጠልኩ። ፌይ ብትመጣ አመድ እንድታይ። ይህን ያህል ወርጄ ነበር።

ቅዳሜ እንደ ልማዴ ባልዲዬን ይዤ መቃብሩ ጋ ሄድኩ። ታች ሰዎች ሽቦውን እየጠቀለሉ ነው። ኤርነስቲን እነሱን ቆማ ስታሠራ ቆየችና ወደ እኔ ወጣች።

«ደህና አደሩ፣ ሚስ ኔልዳ» አለች። «እዚያ ቤት ውስጥ ስለ ስማችን የተናገሩትን ሰማሁ። ደግ አደረጉ።»

«ምንም አይደል» አልኩ፤ ብሩሼን አላቆምኩም።

«አንድ ነገር ግን አለ። አለቅሳለሁ ብለዋል አሉ።»

ቀና ብዬ አላየኋትም።

«ለዚያ ጨርቅ አንድ ጠብታ እንባ አባክኜ አላውቅም፣ ኔልዳ» አለች። አንቱታውም፣ ሚስ የምትለውም በዚያው ቀሩ። «ጀርባዬን የምሰጠው ሥራ ስላለኝ ነው፤ የምቆፍረው፣ የምተክለው አለኝ። ሁለተኛ በእኔ ስም ስታወሪ መጀመሪያ ጠይቂኝ።»

«እሺ» አልኩ።

ድንጋዩን አየችው። «ወፍጮ ጠባቂ» ብላ አነበበች። «ንጹሕ አድርገሽዋል። እጅሽ ይባረክ።» ከዚያ ወደ ሰዎቿ ተመለሰች። አርባ ዓመት የጠበቅኩት ቃል እንዲህ መጣና በልቤ ማስቀመጫ አጣሁለት።

እሁድ ፀሐዩ ደማቅ ነበር። ከፊት የሚሄድ አልነበረም፤ ሁሉም አበባውን ይዞ በየፊናው ሄደ፣ አጥሩ የነበረበትን መስመር ልጆች ሳያስተውሉት ይሮጡበታል። ሰዎች በኤልካና ድንጋይ አጠገብ እየቆሙ አነበቡ። ክሌተስ ራሱ ኮፍያውን አውልቆ ቆመና «ወፍጮ እንደነበረው አላውቅም ነበር» አለ፤ አኩርፎኛል፣ ለእኔ ግን አልነበረም የተናገረው።

ምሳው በዛፎቹ ጥላ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። የተጠበሰ ዶሮ፣ የበቆሎ ዳቦ፣ የተሞላ እንቁላል፣ የፌይ የሙዝ ፑዲንግ። ኤርነስቲን ከፌይ አጠገብ ተቀምጣ ስለ እናቴ ታወራላት ነበር፤ እናቴ መድኃኒቷን ትራስ ስር እየደበቀች እንዴት ታስቸግራት እንደነበር። ፌይ እስክትፈርስ ትስቃለች። ኤርነስቲን እጇን የፌይ ክንድ ላይ አሳርፋለች። እኔ ከፊታቸው ነኝ። ባንዲራው እኔ ቤት ነው፣ ሙገሳው ለእኔ ነው፣ ድንጋዩም ታይቷል። ሳቁ ግን አሁንም ያለው ፌይ ጋ ነው።

ኤርነስቲን ዓይኗን እየጠረገች ወደ እኛ ዞረች። «ለመሆኑ ያ ባንዲራ የት ደረሰ? አሁን ማን ጋ ነው?» አለች።

ክሌተስ ማኘኩን አቆመ። ፌይ ፈገግ ብላ ወደ እኔ ተመለከተች፤ አቃጠልኩት እንድል እየጠበቀች።

«ፌይ ጋ ነው» አልኩ።

ፌይ አየችኝ። ፈገግታው ቀስ እያለ ከፊቷ ላይ ሲጠፋ፣ እንዳላቃጠልኩት፣ እንደደበቅኩት፣ ሁሉም ሲገባት አየሁ። አንድ ቃል ይበቃት ነበር። እኔም አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር፤ ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት «የእኔ ነው» ለማለት ተመኝቼ ነበር፤ አላልኩትም።

«አዎ» አለች ፌይ። «እኔ ጋ ነው። እስካሁን መጣል አልሆነልኝም።»

ኤርነስቲን እጇን ከፌይ ክንድ ላይ አነሳችና ሹካዋን ያዘች። ፌይ የፑዲንጉን ሳህን አንስታ፣ ሳታየኝ፣ በጠረጴዛው ላይ አሻግራ አቀበለችኝ።